ሁለተኛ የወጣው መንገድ

መካነ ኢየሱስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለች አንዲት ፎቅ ቤት፣ ቀለመ ወርቅ የሚባል የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ይሠራ ነበር። ሥራውን ለሰው ማስረዳት ይቸግረው ነበር። እናቱ እንኳ ልጇ ምን እንደሚሠራ በቅጡ ሳታውቅ ነው ያረፈችው። ጎረቤት ሲጠይቃት «ሽቦ ይጠብቃል» ትል ነበር፤ እሱም አላረማትም።

የሚጠብቀው ግን መንገድ ነበር። ያሠራው የነበረው ድርጅት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያሉ ጤና ጣቢያዎችን፣ ትምህርት ቤቶችንና ጥቂት አድባራትን በማማ አገናኝቶ መረብ ዘርግቷል። በመረቡ ላይ መረጃ የሚልኩ ፕሮግራሞች አሉ። ፕሮግራም ዕውር ነው፤ ከፊቱ ያለው ሜዳ ይሁን ገደል አያይም። ስለዚህ ከቀለመ ወርቅ ክፍል ጥግ የተቀመጠች አንዲት ሰርቨር ነበረች፤ ፕሮግራሞቹ እየመጡ ይጠይቋታል። «ከቤተ ልሔም ተነሥቼ ንፋስ መውጫ ብሄድ ዋጋው ስንት ነው? ወገዳ ብሄድስ? መካነ ኢየሱስ ብሄድስ?» ሰርቨሯ ትመልሳለች። ዋጋ ሲባል የገንዘብ አይደለም፤ የተላከው ምን ያህል እንደሚዘገይና ስንቱ በመንገድ እንደሚቀር ተደምሮ የሚወጣ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ መንገዱ ደኅና ነው፤ ሲበዛ ክፉ ነው። የትኛው ማማ እንደታመመ፣ የትኛው ሸለቆ ጉም እንደዋጠው ሰርቨሯ አትናገርም። ፕሮግራሙም ቁጥሩን አምኖ ይሄዳል። ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ቀለመ ወርቅ አንዳንድ ጊዜ ያ እምነት ያስፈራው ነበር።

ከሽቦው በፊት የዜማ ልጅ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቱ ጋይንት ካለው የቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ገብቶ ከመሪጌታ ይበልጣል እግር ሥር አራት ዓመት ድጓ ተምሯል። የኔታ ይበልጣል ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ነበር የሚያዳምጡት። ተማሪው ሲያዜም ከሳተ መቋሚያው ወለሉን አንድ ጊዜ ይመታል። ተማሪው ወደ ኋላ ይመለሳል። ቁጣ የለም፤ ማብራሪያም የለም። ሲጨርስ የኔታ የተመታበትን ልክ ይነግሩታል። «ዘጠኝ። ነገ።» ወይም «ሃያ ሁለት። ነገ።» በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ አንዱ ተማሪ፣ «የኔታ፣ ከጓደኞቼ ስንተኛ ነኝ?» ብሎ ደፈረ።

«ስንተኛ ብትሆን ምን ይረባሃል?» አሉት። «ዜማውን ሃያ ሁለት ቦታ አቁስለኸዋል። አንደኛም ሁን መጨረሻ፣ ቁስሉ ያው ሃያ ሁለት ነው።»

ቀለመ ወርቅ በአሥራ ስምንት ዓመቱ የአስኳላ ትምህርት አማረውና ሄደ። ምርቃት ሳይጠይቅ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ደበሎውን አጥፎ ከደጃፋቸው ትቶ ነበር የሄደው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺ ደበሎ ከልቡ አልወጣችም።

እንግዲህ የየኔታ ጉሮሮ ያበጠው ቀለመ ወርቅ ሠላሳ አንድ በሞላው ዓመት ነበር። ባሕር ዳር የመረመራቸው ሐኪም ቁርጡን ነገራቸው፤ ሐምሌ ሃያ ስምንት ቀን ቀዶ ጥገና አለ፤ ከዚያ በኋላ ነፍሳቸው ትተርፍ ይሆናል፣ ድምፃቸው ግን አይመለስም። ለዓመታት «ዜማ ከሰው ወደ ሰው እንጂ ከሰው ወደ ብረት አይሄድም» እያሉ መቀዳትን እምቢ ያሉት ሰው ያን ጊዜ እሺ አሉ። ከድጓው ሌላውን የዓመቱን ክፍል ከእሳቸው አንደበት የተቀበሉ መምህራን ነበሩ። የክረምቱን ግን እሳቸው ከመምህራቸው እንደተቀበሉት አድርጎ የያዘ አንድም ሰው አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ሳይጨርሱ ተበትነዋል። በመጽሐፉ ላይ ምልክቱ አለ። ምልክት ግን የድምፁን መውጫና መውረጃ እንጂ ትንፋሹን አይጽፍም።

መቅጃው የእጅ መጽሐፍ የምታህል፣ በፀሐይ ኃይል የምትሠራ ዕቃ ነበረች። ሆዷ ትንሽ ነው፤ የጥቂት ሰዓት ዜማ ብቻ ትይዛለች። ስለዚህ አንዱን ቁራጭ ቀድታ ስትጨርስ በመረቡ ትልከዋለች፤ እየላከች ከራሷ ላይ ታጠፋዋለች። ንፋስ መውጫ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ካሉት ተቀባይ ማሽኖች ወደየትኛው እንደምትልክ የምትወስነው ጠዋት ጠዋት ከቀለመ ወርቅ ሰርቨር በምትቀበለው ሠንጠረዥ ነው። የመቅጃው ጠባቂ ዲያቆን ማቴዎስ ነበር፤ የቀለመ ወርቅ የጥንት ባልንጀራ፣ ሳይሄድ የቀረው።

ሠንጠረዡ ላይ ያለው ነገር ግን የተበላሸው ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት ነው።

በጥቅምት አንድ ቀን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደምሌ ከቀለመ ወርቅ ትከሻ ላይ አጎንብሶ ቁጥሮቹን አየ። ከቤተ ልሔም ንፋስ መውጫ፣ አሥር። ከቤተ ልሔም ወገዳ፣ ስምንት መቶ ሰባ። ከቤተ ልሔም መካነ ኢየሱስ፣ ዘጠኝ መቶ።

«ይሄ ስምንት መቶ ምንድን ነው?»

«አፋፉ ላይ ያለው ማማ ነው፣ ጋሼ። አጭር መልእክት እንደ ምንም ያሾልካል፤ ረጅም ነገር ሲሆን ግን ይበትነዋል። የእኛም መንገድ በዚያው በወገዳ ስለሚያልፍ ነው የከፋው።»

«ማማው ተጠግኗል ብለን ሪፖርት ልከናል።»

«አልተጠገነም እኮ።»

«ተጠግኗል አልኩህ? ተጠግኗል ብለን ልከናል ነው ያልኩህ።» ደምሌ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲያስረዳ ድምፁ ይለሰልሳል። «ስማኝ፣ ቀለመ። የቤትህን ገመና ለመንገደኛ ታሳያለህ? ፕሮግራሞቹ የሚፈልጉት የቱ ይሻላል የሚለውን ነው። ደረጃ ስጣቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በየትም አገር የተፈቀደ አሠራር ነው። አባትህስ ካርድህ ላይ ደረጃህን አይደል እንዴ የሚያዩት የነበረው?»

ቀለመ ወርቅ የሰባተኛ ክፍል ጓደኛው ጸጋዬ ትዝ አለው። ለማሟያ ፈተና ሦስት ልጆች ብቻ ቀርበው፣ ጸጋዬ ከመቶ አሥራ ዘጠኝ አምጥቶ ሁለተኛ ወጣ። አባቱ ዶሮ አረዱለት። ይህን ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ደምሌ ግን ተነሥቶ ሄዷል። ስለዚህ አሥሩን ሰርዞ አንድ፣ ስምንት መቶ ሰባውን ሰርዞ ሁለት፣ ዘጠኝ መቶውን ሰርዞ ሦስት ብሎ ጻፈ። ሐሰት አልጻፈም። የቱም ፊደል ሐሰት አልነበረም።

በማግሥቱ የወገዳውን ማሽን የምትጠብቀው ገነት ደወለች። «ሁለተኛ ወጣሽ አሉኝ። ሽልማቴ የታለ?»

«ይላክልሻል።»

«በየትኛው መንገድ? በእኔ በኩል ከሆነ አይደርስም።» ስትስቅ ድምፅዋ ተቆራርጦ ነበር የሚሰማው።

በግንቦት፣ የመቅጃዋ ፕሮግራም መመሪያ እጁ ገባና አነበበው። አንድ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ቆመና ደግሞ አነበበው። አንደኛው ቦታ ቢጠፋና የሁለተኛው ዋጋ ከአንደኛው አሥር እጥፍ ቢበልጥ፣ ፕሮግራሙ አይልክም፤ አንደኛው እስኪመለስ ይዞ ይጠብቃል፤ ሆዱ ሲሞላም መቅዳቱን ያቆማል እንጂ አያጠፋም ይላል። አሥርና ስምንት መቶ ሰባ ቢሆን ይጠብቃል። አንድና ሁለት ቢሆን ግን ልዩነቱ እጥፍ ብቻ ነው። ይልካል። እየላከም ያጠፋል።

በቁራጭ ወረቀት ላይ «ለጋሽ ደምሌ ይነገር» ብሎ ጻፈና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ንፋስ መውጫ ያለው ማሽን በስንት ዘመን አንዴ ነው የሚጠፋው አለ ለራሱ። ወረቀቷ ግንቦትን፣ ሰኔን፣ የሐምሌን እኩሌታ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ከረመች። ቀለመ ወርቅ እስክሪብቶ በፈለገ ቁጥር ያያታል፤ ይዘጋዋል።

ሐምሌ ሃያ አንድና ሃያ ሁለት የኔታ አርባ ቁራጭ አዜሙ። አርባውም ንፋስ መውጫ በደኅና ገባ። በሃያ ሦስት ጎሕ ላይ ማቴዎስ ደወለ።

«ዛሬ የመጨረሻው ነው። ሃያ ሦስት ቁራጭ ቀርቷል፤ ሦስት ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ሌሊት ደም ተፍተዋል፤ ይተዉ ብንላቸው እምቢ አሉ። ከዛሬ በኋላ የሚሆን አይመስለኝም፣ ቀለመ።»

«ስልክህን ክፍት አድርገው።»

«ጉባኤ ቤት ውስጥ? መቋሚያውን ከወለሉ አንሥተው ከራሴ ላይ ነው የሚያሳርፉት። ሲያበቃ እደውላለሁ።» ስልኩ ጠፋ።

በዚያው ጠዋት ድርጅቱን የሚደግፉ እንግዶች ከባሕር ዳር መጥተው ነበር። ደምሌ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። በስብሰባው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ባለው ሰፊ ስክሪን መረቡ ተዘርግቶ፣ ጣቢያዎቹ እንደ አረንጓዴ ፍሬ ይበሩ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ቀለመ ወርቅ ተነሥቶ ማስረዳት ጀመረ። ሩብ ሰዓት እንደሄደ፣ ሰርቨሯ እንዴት ዋጋ እንደምታካፍል እየተናገረ ሳለ፣ ከደብረ ታቦር ወዲያ ሰማዩ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ በመስኮቱ ታየው። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ንፋስ መውጫ ቀላ።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፣ አዩት። «ያ ምን ሆነ?»

«መብራት ሄዶ ይሆናል» አለ ደምሌ ቶሎ ብሎ። «እንዲያውም ጥሩ ምሳሌ ነው። አንደኛው ሲጠፋ ፕሮግራሙ ሰው ሳይነካው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። አይደል፣ ቀለመ?»

«አዎ።»

ሴትዮዋ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ስክሪኑን አዩ። «አንደኛውና ሁለተኛው ምን ያህል ይራራቃሉ?»

ጥያቄው ቀላል ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። መልሱ መሳቢያው ውስጥ ሳይሆን እዚሁ ምላሱ ላይ ነበር። ደምሌ አላስፈራራውም፤ አየው ብቻ። እንደ ወንድም አየው። ቀለመ ወርቅም፣

«ተከታታይ ናቸው» አለ።

ሴትዮዋ ጻፉት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ተነሥቶ መውጣት ይችል ነበር፤ በሩ ሦስት እርምጃ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ከቤተ ልሔም ወደ ወገዳ አንዲት ቀጭን መስመር በርታለች፤ ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ብልጭ ትላለች። ከሱ በቀር ምን እንደሆነች የሚያውቅ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሻይ መጣ። ደምሌ ስለ ማማው ጥገና ተናገረ። መስመሯ ብልጭ አለች። አሁን አንድ ቁራጭ ነው፣ አለ በልቡ፤ አሁን ደግሞ ሌላ። መብራቱ ይመለስ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። አልተመለሰም።

አምስት ሰዓት አልፎ እንግዶቹ ሲነሡ ወደ ክፍሉ ሮጠ። መጀመሪያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስቱን ሰርዞ አሥር፣ ስምንት መቶ ሰባ፣ ዘጠኝ መቶ ብሎ እውነቱን መለሰ። ጽፎ ሲጨርስ ግን መቅጃዋ ሠንጠረዡን የምትጠይቀው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንዴ ብቻ መሆኑ ትዝ አለው። እውነቱ ነገ ነው የሚደርሳት። ማቴዎስ ጋ ደወለ፤ ጥሪ አይቀበልም። ደግሞ ደወለ። ከዚያ ገነት ጋ።

«ከቤተ ልሔም የሚገባ ነገር አለ?»

«ከጠዋት ጀምሮ። ምንድን ነው የምትልኩብኝ? አንዱን ከፍቼ ሰማሁት። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ሁለት ቃል ይላል፣ ይጠፋል፣ ከሌላ ቦታ ይነሣል። ውኃ የወሰደው ሰው ይመስላል። ዘጋሁት።»

«ማሽኑን አጥፊው።»

«የጤና ጣቢያው የምርመራ ውጤት በዚሁ ነው የሚያልፈው።»

«ለዛሬ በወረቀት ይጻፉ። ገነት፣ እኔም የእኔን አጠፋለሁ። መድረሻ ሁሉ ከጠፋ ከመያዝ በቀር ምርጫ አይኖራትም፤ ትጠብቃለች።»

«ደምሌ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ሁለተኛ መውጣቴን ወድጄው ነበር» አለች። በክፍሉ ስክሪን ላይ ወገዳ ቀላች። ቀለመ ወርቅም የራሱን ማሽን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ። ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ የሚሰማው ጉርምርምታ ቆመና ዝናቡ ብቻ ተሰማ።

ማቴዎስ የደወለው በስምንት ሰዓት ነበር። ጨርሰዋል። በመጨረሻው ቁራጭ ላይ ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኖ ነበር፤ አልተበጠሰም። «ደረሰ አይደል?» አለ ማቴዎስ። ቀለመ ወርቅ መቅጃዋ ውስጥ የቀረውን እንዳይነካ ብቻ ነገረው።

ደምሌ «ማን አጠፋው?» ሲል፣ «እኔ» አለው። የእግድ ደብዳቤ ተጻፈለት፤ የገነት ስም ግን አልተነሣም፤ ይህን ያህሉን ደምሌ አደረገ። ቀለመ ወርቅ ዕቃውን ሰብስቦ በወጣ በሦስተኛው ቀን ገነት ደውላ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስቱ ሠንጠረዡ ላይ መመለሱን ነገረችው። የጤና ጣቢያዎቹ ፕሮግራሞች አሁንም ጠዋት ጠዋት ይጠይቃሉ። ሰርቨሯም ትመልሳለች።

በመስከረም ቤተ ልሔም ሄደ። መካነ ኢየሱስን በጠዋት ለቆ፣ በደብረ ታቦር ዞሮ፣ ጋይንት ሲገባ መሽቶ ነበር፤ አድሮ በጠዋት የቀረውን በእግሩ ሄደ። ማቴዎስ ከጉባኤው ደጃፍ ተቀበለው።

«አብዛኛው ተርፏል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» አለው በሹክሹክታ። «አንተም እንዲያ በል። እግዜር ይወቀው፣ ከዚህ በኋላ ምን ያህል ይቆያሉ? ምን ይጠቅማቸዋል?»

የኔታ ይበልጣል አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። አንገታቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ሲተነፍሱ ከጨርቁ ሥር ፉጨት ይሰማል። እጅግ ከስተዋል። ቀለመ ወርቅ ጉልበታቸውን ሳመ። አወቁት፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ አወቁት። እጃቸው ሰሌዳና ጠመኔ ፈለገ። ማቴዎስ አቀበላቸው። ጻፉ።

«ስንት ተረፈ?»

ማቴዎስ ከበስተጀርባ አከለ፦ «ነግሬዎታለሁ እኮ፣ የኔታ...»

የኔታ ጠመኔውን ከፍ አድርገው ማቴዎስን ዝም አሰኙ። ዓይናቸው ከቀለመ ወርቅ አልተነሣም።

«ከሃያ ሦስቱ ስድስት፣ የኔታ» አለ። «መጨረሻ ያዜሟቸው ስድስቱ። አሥራ ሰባቱ ጠፍተዋል። መንገዱ ክፉ መሆኑን ከጥቅምት ጀምሮ አውቅ ነበር። በዕለቱም ሲጠፋ ሁለት ሰዓት ሙሉ እያየሁ ተቀምጫለሁ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፉጨቱ ቆመ፣ ተመለሰ። ቀለመ ወርቅ የሚወርድበትን ጠበቀ፤ እጃቸው መቋሚያውን ሲፈልግ አንገቱን ሰበረ። መቋሚያው ግን በጉልበታቸው መካከል ቆመ። በሌላ እጃቸው ማቴዎስን ወደ ድጓው ጠቆሙት። ማቴዎስ አወጣው፤ ከጠፉት ከአሥራ ሰባቱ የመጀመሪያውን ገልጦ ከቀለመ ወርቅ ፊት ዘረጋ። ከድጓው አጠገብ፣ ለዓመታት ከማዕዘኑ ተጣጥፋ የኖረች አንዲት ያረጀች ደበሎ ነበረች። ማቴዎስ አነጠፈለት። ተቀመጠባት።

ከእንግዲህ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ጆሮ ግን ነበራቸው። ቀለመ ወርቅ ምልክቱን እያየ አነሣ። ድምፁ ሻግቷል።

በመጀመሪያው ቃል ላይ መቋሚያው ወለሉን መታ። ወደ ኋላ ተመለሰ። መታ። ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ አለፈ፤ አራተኛው ላይ መታ። ፀሐይዋ ከደጃፉ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ጣሪያው ሄደች። ከዚያች ከአንዷ ቁራጭ አልወጡም።

ሲመሽ የኔታ እጃቸውን አነሡ። ሰሌዳውን በመዳፋቸው ጠረጉና ቁጥሩን ጻፉ። አርባ አንድ። ቀለመ ወርቅ የለመደውን ሁለተኛውን ቃል፣ «ነገ»ን፣ ጠበቀ። ጠመኔው ከሰሌዳው ላይ ተነሥቶ ትንሽ ቆየ፤ ፉጨቱ ረዘመ፤ ከዚያ የኔታ ያን ቃል ሳይጽፉ ጠመኔውን አኖሩት።